ከሐዋሳ ተነስቶ እንስሳ ለማየት፦ የትኛው ቦታ ለማን ይሻላል?

ሐዋሳ ለእንግዳ አስቸጋሪ ከተማ ናት። የሚታይ ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶ። ከከተማው ሳይወጡ ጉሬዛ፣ ጉማሬና አባ ኮዳ አለ። ወጣ ሲሉ ሰንቀሌ፣ አቢጃታ ሻላና ወንዶ ገነት አሉ። ሁለት ሌሊት ለማደር ለቆረጠ ደግሞ ባሌ አለ። ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የቱን ይያዝ፣ የቱን ይተው?

አብዛኛው ሰው «ብዙ እንስሳ ያለው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው ብዙም አይጠቅምም። እንስሳው ኖሮም ላይታይ ይችላል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር አውሬው ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ወፉም ዝም ይላል። ስለዚህ እኔ ሰው ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው ስለ ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት አላችሁ? ጠዋት በጊዜ መነሳትስ ይሆንላችኋል? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው፣ ቁርሱን በልቶ ቡናውን ጠጥቶ 5 ሰዓት ላይ ፓርክ በር ከደረሰ ሰው የበለጠ ያያል። ከዚህ የሚያፈነግጥ አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱንም እመጣበታለሁ።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ

ግማሽ ቀን ያለው ሰው ከከተማ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይበቃዋል። በባጃጅ ይደረሳል፣ መግቢያው ትንሽ ክፍያ ነው፣ እንስሳው ደግሞ ራሱ ይመጣል።

ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ያደረው መረብ ጠዋት በጀልባ ይገባል። ቆሮሶና አምባዛ ይወርዳል። ልጆች ዓሣውን ይገፍፋሉ፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ዳር ይጥላሉ። አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው የሚጠብቁት ይህንን ነው። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ራሳቸው መላጣ፣ ምንቃራቸው ረጅምና ወፍራም ነው። ሰው አይፈሩም። ቀረብ ብላችሁ እግራቸውን እዩ። ኖራ የተቀባ ይመስላል። ቆዳው ግን ጠቆር ያለ ነው፤ ነጩ ነገር የራሳቸው ኩስ ነው። ሙቀት ሲበዛባቸው እግራቸው ላይ ይለቁታል፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢትም ብዙ ሰው የዓሣ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል። ውስጡ አየር ነው እንጂ ዓሣ አይገባበትም።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ጥቁር ሰውነት፣ ከጎንና ከጎን የሚወርድ ረጅም ነጭ ጸጉር፣ ጫፉ ነጭ የሆነ ጭራ። እጁን አስተውሉት፤ አውራ ጣት የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ ጉጥ ብቻ ነው የቀረው። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲዘል አራቱን ጣት እንደ መንጠቆ ይጠቀምበታል። ለጉሬዛ ሙዝና ዳቦ መስጠት እዚህ የተለመደ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። እኔ ግን አልደግፈውም። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ሆዱ ክፍል ክፍል ያለው ነው፤ ቅጠሉን የሚያብላሉለት ጥቃቅን ነፍሳት እዚያ ውስጥ ይኖራሉ። ዳቦና ጣፋጭ ሲበዛ ያ ሥርዓት ይዛባል። ለፎቶ ተብሎ ሲያበሉት የኖረ ጉሬዛ ደግሞ ውሎ አድሮ ከሰው እጅ መንጠቅ ይለምዳል። ጦጣዎቹማ ድሮም ፈቃድ አይጠይቁም። ቦርሳችሁን ዝጉ፣ ማስቲካም ቢሆን በኪሳችሁ ይሁን።

ዓሣ ጥብስ እዚያው አለ። ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ የሚበላም ሞልቷል። እኔ ጥብሱ ይበቃኛል።

አሞራ ገደል ይሻላል ወይስ ሌላው የሐይቁ ዳር መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ? ለእንስሳ አሞራ ገደል፣ ለነፋሻ አየርና ለወሬ ፍቅር ሐይቅ። ፍቅር ሐይቅ ከሰዓት በኋላ የሰው መናኸሪያ ነው፤ ሙዚቃ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ የጀልባ ደላላ አለ። ወፍ ፈላጊ ከሆናችሁ ከሕዝቡ ራቅ በሉና ቄጤማ የበቀለበትን ዳር ተከተሉ። ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ወፍ አየር ላይ ባለችበት ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ካያችሁ አትሂዱ፤ ዓሣ አጥማጅ ናት፣ አሁን ጭንቅላቷን አስቀድማ ትወረወራለች። ውሃው ላይ በተነጠፈው ቅጠል ላይ ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ የምትራመድም አለች። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነ ትልቅ ንስር ዛፍ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ እስኪጮህ ጠብቁት። ድምፁ ሐይቁን አቋርጦ ይሰማል።

ጉማሬ የሚታየው በጀልባ ነው። እዚህም ጠዋት ይሻላል፤ ምክንያቱ ግን ውሃው ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። ዋጋ ሳትነሱ በፊት ጨርሱ፣ የሕይወት ጃኬት መኖሩን አረጋግጡ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሳር ይግጣል፣ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ከላይ የሚታየው ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነው፤ ያንን አይቶ «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጀልባ ነጂው «ጠጋ ልበልላችሁ?» ሲል እምቢ በሉ። ጉማሬ ወደ ጥልቁ ውሃ የሚሸሽበት መንገድ ከተዘጋበት ይገለብጣል። ሞተሩን አጥፍቶ ከሩቅ መቆም በቂ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። እግር እየነከሩ መቀመጥ ደስ ቢልም ይቅርባችሁ።

ታቦር ተራራ ለእንስሳ አይደለም። ከላይ ሆኖ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ለማየት ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ አመሻሽ ላይ ውጡ፣ ካልተረፋችሁ አይቆጭም።

አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁ፦ ሰንቀሌ ወይስ አቢጃታ ሻላ?

ሰው በጣም የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማየት የሚሞክርም አለ። አትሞክሩት። ሁለቱም ጠዋትን ይፈልጋሉ፣ ጠዋት ደግሞ አንድ ናት።

ሰንቀሌ አንድ እንስሳ ለማዳን የተከለለ ቦታ ነው፤ የስዋይን ቆርኬ የሚባለውን። ይህ ቆርኬ ድሮ ሶማሊያ ውስጥም በብዛት ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት በሽታ ቆርኬውንም አልማረውም። ከዚያ በኋላ አደንና የግጦሽ ሽሚያ ቀሪውን ጨረሰ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ያውም በጥቂት ቦታ፤ ከሰንቀሌ ሌላ በደቡብ ያለው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ይጠቀሳል።

መንገዱ ከሻሸመኔ በአርባ ምንጭ አቅጣጫ ወደ አጄ ነው። ከዋናው መንገድ ከወጡ በኋላ ጥርጊያ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ይጨቀያል። ቦታው ሰፊ አይደለም፣ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ገላጣ ሳር ነው። ለጎብኚ ጥሩ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እንስሳው የሚደበቅበት ጫካ ብዙ የለም። ስካውት (የቦታውን ጠባቂ) ይዛችሁ በጠዋት ከገባችሁ ቆርኬ ሳታዩ አትመለሱም ማለት ይቻላል። በዚህ አገር እንዲህ ተማምኖ የሚባልለት የዱር እንስሳ ጥቂት ነው።

ቆርኬ መጀመሪያ ሲታይ ቅርጹ ግራ ያጋባል። ፊቱ ከመጠን በላይ ረጅም ነው። ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ ነው። ቀንዱ ወደ ጎን ይወጣና ወደ ኋላ ይታጠፋል። መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ትከሻውና ታፋው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ አለው። መንጋው ሲግጥ አንዱ ምስጥ የሠራው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ዘበኛ ነው። እሱ ፊቱን ወደናንተ ካዞረ ባላችሁበት ቁሙ። ሌሎቹ ራሳቸውን ቀና አድርገው ያዩዋችኋል። ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ አንድ በአንድ ወደ ሳራቸው ይመለሳሉ። አንድ እርምጃ ከጨመራችሁ ግን ተያይዘው ይነሳሉ፤ ያ ግራ የሚያጋባው ቅርጽ ለሩጫ የተሠራ መሆኑ ያኔ ይገባችኋል። ከቆርኬ ሌላ ከርከሮ አለ፣ ኦሪቢ የምትባል ትንሽ ቀጭን የሜዳ ሚዳቋም አለች።

የሰንቀሌ ጉድለት ግልጽ ነው። ቆርኬውን ካያችሁ በኋላ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ሆቴል፣ ሻይ ቤት፣ ፍል ውሃ አትጠብቁ። ውሃና ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ይጀምራሉ።

አቢጃታ ሻላ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስላለ መድረሱ አያስቸግርም። ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውስጥ የሚስተካከለው የለም። አቢጃታ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ የፈሰሰ ያህል ጥልቀት የለውም፣ ለዚያም ነው ውሃው ትንሽ ሲጎድል ዳርቻው እሩቅ የሚሸሸው። በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ በኩል ይመጣለት የነበረው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ ነው። ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። የቆዩ ፎቶዎች ላይ ውሃ የነበረበት ቦታ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው።

እንስሳስ? እውነቱን ለመናገር ለትልልቅ አውሬ አቢጃታ ሻላን አትምረጡ። በሩ አካባቢ በተከለለው ሜዳ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ይታያል፤ ለልጆች ይህ ብቻውን በዓል ነው። ከዚያ ውጭ የግራር ጫካው ለከሰል ሲቆረጥ ኖሯል፣ በፓርኩ ውስጥ ከዱር እንስሳ ይልቅ የሰው ከብት ይበዛል። አቢጃታ ሻላ የሚመረጠው ለመልክዓ ምድሩና ለወፉ ነው። ሁለቱን ሐይቅ ከላይ የሚያሳየው ኮረብታ ላይ ስትቆሙ በአንድ በኩል ጥቁር ሰማያዊ፣ በሌላ በኩል የነጣ ውሃ ታያላችሁ። በሻላ ዳር መሬቱን ሰንጥቆ የሚወጣ ፍል ውሃ አለ። የምር ይፈላል፤ ልጆችን በእጅ ያዙ።

ፍላሚንጎ ለማየት ነው የምትሄዱት? እንግዲያው ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ ወይም እዚያ ያለ አስጎብኚ ጠይቃችሁ ሂዱ። ፍላሚንጎ ውሃውና ምግቡ ወዳለበት ይዛወራል። አንድ ሰሞን ዳርቻውን ሮዝ ያደርገዋል፣ ሌላ ሰሞን ከሩቅ የሚታይ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ዓሣ በል ወፎች ደግሞ የአቢጃታ ዓሣ ሲጠፋ አብረው ቀንሰዋል። ፔሊካን ለማየት የጓጓ ሰው ወደ ባቱ ከፍ ብሎ ዝዋይ ሐይቅ ጀልባ ማረፊያው ጋ ቢቆም ይሻለዋል።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ በአቢጃታ ዳር መኪና ይዛችሁ ወደ ውሃው አትጠጉ። ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ ይመስላል፣ ከስር ግን ጭቃ ነው። ወፎቹን በደንብ ለማየት በእግር፣ ያውም አስጎብኚው በሚረግጥበት ነው የሚኬደው።

ስለዚህ እንስሳ ዓይን ለዓይን ማየት ለሚፈልግ ሰው ሰንቀሌ። ልጆች ላሉት፣ ፎቶ ለሚወድ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎችን ለሚያሳድድ አቢጃታ ሻላ። ለእኔ ሰንቀሌ ይበልጥብኛል። አቢጃታ ሻላን የሚመስል ውብ ቦታ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሌላም አለ፤ ያንን ቆርኬ ግን ሌላ አገር ሄዳችሁ አታገኙትም።

መራመድ ለሚወድ፦ ወንዶ ገነት

ወንዶ ገነት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ፍል ውሃው ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ከላይ ያለው ደን ነው። እንሰት፣ ቡናና ሸንኮራ አገዳ መሐል አልፋችሁ ወደ ዳገቱ ስትጠጉ ትልልቅ ዛፎች ይጀምራሉ። ጉሬዛ እዚህም አለ፣ ግን የአሞራ ገደሉ አይደለም፤ ሰው ሲያይ ወደ ላይ ይወጣል። ከሱ በላይ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዙ። ደን ውስጥ እንስሳ የሚገኘው በጆሮ ነው፣ የእነሱ ጆሮ ደግሞ ለምዷል። ጠዋት ደን፣ ከሰዓት ፍል ውሃ። ሰንበት ላይ ፍል ውሃው በሰው ስለሚጨናነቅ የሥራ ቀን ከተመቻችሁ እሱን ምረጡ።

ሁለት ሌሊት ካላችሁ፦ ባሌ

ባሌን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ያጋጥመኛል። መንገድ አይቶ ነው የሚመለሰው። ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ከዚያ ዲንሾ። ግማሽ ቀን በመንገድ ያልቃል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት የላችሁም? እንግዲያው ሌላ ጊዜ ሂዱ፣ ባሌ የትም አይሄድም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በዚያው ስብሰባ ላይ ነው የተመዘገበው።

ባሌ ውስጥም ምርጫ አለ፤ ዲንሾ፣ ሳነቴ፣ ሐረና።

ዲንሾ ቀላሉ ነው። ከአዳባ በኩል ስትመጡ ገና ዲንሾ ሳትደርሱ ጋይሳይ የሚባል ሰፊ የሳር ሜዳ አለ። የደጋ አጋዘን፣ ቦሆር የሚባል የሚዳቋ ዓይነትና ከርከሮ ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ጥድና ኮሶ ባለበት ኮረብታ ላይ ነው፣ ደጋ አጋዘኑ እዚያ ቢሮ አካባቢ ይሰማራል። ይህ እንስሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። ወንዱ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ የወጣ፣ ጎኑ ላይ ጥቂት ነጫጭ ነጠብጣቦች ያሉት ግርማ ሞገሳም ነው። በእግር የሚያስኬድ ጉብኝት ለማይችል ሰው፣ ለአዛውንት ወላጅም ጭምር፣ ዲንሾ ይበቃል።

ሳነቴ ሌላ ዓለም ነው። ከጎባ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ ደን፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ጅብራ ብቻ ቆሞ ይቀራል። አምባው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ እንዳለች አስቡ። ራስ ምታት ቢይዛችሁ አይግረማችሁ። ውሃ ጠጡ፣ አትሩጡ፣ ከባሰ ውረዱ። መኪና እስከ ላይ መውጣቱ ጥሩም ችግርም ነው፤ ሰውነት ሳይለምድ ነው የሚደርሰው።

ወደዚህ የሚወጣው ለቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀረው 500 እንኳ አይሞላም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የሰዓት ነገር የሚያፈነግጠው እዚህ ነው። ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የቀበሮው ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው፣ እነሱ ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ከጉድጓድ አይወጡም። ቀበሮውም ከነሱ ጋር ይውላል። ሐዋሳ ላይ የረፈደበት የሚባለው ሰዓት እዚህ ጥሩ ሰዓት ነው።

ሲያድን ማየት ከቻላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ፍልፈሉ ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሳር ይሰበስባል። ዓይኖቹ ራሱ ላይኛው በኩል ናቸው፤ ሙሉ ሳይወጣ ያያል። ቀበሮው በሆዱ ሊሳብ ምንም ያህል አይቀረው፣ ዝቅ ብሎ ይጠጋል። ፍልፈሉ ሲገባ ባለበት ይደርቃል፣ ጆሮው ወደ ፊት ቀጥ ይላል። ሲወጣ አንድ ሁለት እርምጃ ይጨምራል። ይሄ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይስታል። መኪና ውስጥ ያለው ሰው በር ከፍቶ ከወረደ ግን ከመጀመሪያውም ጨዋታው ያበቃል። ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ጠብቁ።

ቀበሮውን ብዙ ጊዜ ክፉኛ የጎዳው ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ምግብ አትጣሉለት፤ የምግብ ትራፊ ውሻንም ይጠራል።

ሐረና ከሳነቴ ወደ ደሎ መና በሚወርደው መንገድ ነው። ከብርዳማው አምባ በድንገት ጉም የሞላው፣ ዛፉ ሁሉ ሽበት ያወጣ ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ታች ደግሞ የዱር ቡና አለ። የባሌ ጦጣ የምትባለው ቀርቀሃ ወዳድ ጦጣ እዚህ ናት። አንበሳም አለ፣ ግን አንበሳ አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ለሐረና ሦስተኛ ሌሊት ካልጨመራችሁ ሳነቴ ላይ ብትወሰኑ ይሻላል።

መቼ፣ በምን፣ ምን ይዞ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ለሁሉም ይመቻል። ባሌ ዝናቡ ረጅም ነው፤ በበልግም በክረምትም ይጥላል፣ ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ብትሉ ጥሩ ነው፣ ብርዱ ግን የዚያኔ ይብሳል። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ አታፍሩበትም። ክረምት ላይ ሰንቀሌ ያስቸግራል፣ የሐዋሳው ሐይቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው።

ስልክ ወይስ ባይኖኩላር? ሁለቱንም መግዛት ለማይችል ሰው ባይኖኩላር። ስልክ አሞራ ገደል ላይ ብቻ ነው የሚያዋጣው። አቢጃታ ላይ በስልክ የተነሳ ፍላሚንጎ ነጥብ ነው። ባይኖኩላሩ ላይ «8 በ 42» የሚል ቁጥር ካያችሁ ለወፍም ለአውሬም የሚሆን ነው፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ሰፋ ባለ ቁጥር ንጋት ላይም ደህና ያሳያል። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም ይንቀጠቀጣል።

መኪና ላይ፦ አሞራ ገደል በባጃጅ፣ ወንዶ ገነት በሚኒባስ ይኬዳል። አቢጃታ ሻላ በሩ ድረስ በሚኒባስ ይደረሳል፣ ውስጡ ግን ሰፊ ነው፤ ያለ መኪና ሰጎኑን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሰንቀሌና ሳነቴ ኮንትራት መኪና ይፈልጋሉ። ወጪው ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ አራት ሆናችሁ ብትከፋፈሉት ግን ይቀላል። ከአራት በላይ አትሁኑ። ሰው ሲበዛ ወሬ ይበዛል፣ ወሬ ሲበዛ ደግሞ ቆርኬው ቀድሟችሁ ይሄዳል።

የፓርክ መግቢያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፣ መታወቂያ ያዙ። የስካውት ክፍያ ለብቻው ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታውኑ ከዚያ ከመጣ ሾፌር ጠይቁ።

ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ ዋጋውን ብቻ አትጨርሱ፣ ሰዓቱንም ጨርሱ። ለሰንቀሌ 12 ሰዓት ላይ መነሳት ካለባችሁ «11 ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ቅጠሩት። የሐበሻ ቀጠሮ ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ይመጣል።